የመጀመሪያዋ ጄት ስኪ ለጨው ውሃ፦ ተረቱና እውነታው

ወልድያ ከባሕር ርቃ ብትገኝም የባሕር ወሬ አይጠፋባትም። ከመርሳ፣ ከውርጌሳና ከስሪንቃ የወጡ ልጆች ጂቡቲ፣ ጅዳና ዱባይ ይሠራሉ፤ በስልካቸው የሚልኩት ምስል ላይ ሰማያዊ ውሃና ውሃውን እየሰነጠቀች የምትበር ጄት ስኪ አትጠፋም። ለብዙው የሀብሩ ወረዳ ወጣት ግን ባሕር ማለት በመጀመሪያ የጂቡቲው ኦቦክ ነው፤ በሌሊት ከአቅሟ በላይ ሰው የጫነች ጀልባ ነው። በዚያ የስደት መንገድ ልጃቸውን ያጡ ቤተሰቦችን የአካባቢው ሰው ያውቃቸዋል። ስለዚህ ከዚህ ምድር የወጣ ሰው፣ ሠርቶ ኑሮው ከተደላደለ በኋላ፣ ወደዚያው ባሕር ለደስታ ሊመለስ ሲያስብ ልቤ ከእሱ ጋር ነው።

የሚያሳስበኝ ሊገዛ ሲነሳ የሚሰማው ምክር ነው። ሻጩ ስለ ፈረስ ጉልበት ያወራል፣ ጓደኛ ስለ ፍጥነት። ስለ ውሃው የሚጠይቅ አይገኝም። ለጨው ውሃ የምትሆን ጄት ስኪ ስትመረጥ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የት እንደምትነዳ፣ ከውሃ ከወጣች በኋላ በምን እንደምትታጠብና የት እንደምታድር ነው። ከዚህ በታች ካሉት አባባሎች ብዙዎቹ የሚሳሳቱት ይህን ጥያቄ ስለሚዘሉት ነው።

«ውሃ ውሃ ነው፤ ሐይቅ ላይ የሠራች ባሕር ላይም ትሠራለች»

ከመርሳ በደሴ መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ሎጎ ሐይቅ ይገኛል፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ማለት ነው። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም። እንዲያም ሆኖ በአንድ ሊትር ውሃው ውስጥ የሟሟው ማዕድን 1 ግራም እንኳ አይሞላም። የውቅያኖስ ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ቀይ ባሕር ደግሞ ትነቱ ብዙ፣ የሚገባበት ወንዝ ጥቂት ስለሆነ ወደ 40 ግራም ይጠጋል። በሐይቅ ውሃ ላይ ለዓመታት ያለ ችግር የሠራች ማሽን ቀይ ባሕር ላይ በአንድ ወቅት ልትበላሽ የምትችለው ለዚህ ነው።

ጨው የሚጎዳው ብረት በማዛግ ብቻ አይደለም። ውሃው ሲተን ጨው ጠጥሮ ይቀርና በሞተሩ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የማቀዝቀዣ መተላለፊያዎች ያጠባል። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያውቀው ጉዳት ኤሌክትሪካዊ ነው። የጄት ስኪ ፓምፕ በአብዛኛው አልሙኒየም ነው፤ በውስጡ የሚሽከረከረው ምላጭና ብዙዎቹ ቡሎኖች ግን የማይዝግ ብረት ናቸው። ሁለቱ የተለያዩ ብረቶች እየተነካኩ በጨው ውሃ ሲነከሩ በመካከላቸው ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል፤ በዚህም አልሙኒየሙ ቀስ በቀስ ይበላል። በብዙ ሞዴሎች ላይ ከፓምፑ አጠገብ ትንሽ የዚንክ ቁራጭ የሚታሰረው በአልሙኒየሙ ፈንታ እንዲበላ ተብሎ ነው። ግማሹ ካለቀ ይቀየራል። ቀለም ግን ፈጽሞ አይቀባም፤ ከተቀባ ውሃው አይነካውም፣ ሥራውንም አይሠራም።

«ማቀዝቀዣዋ ዝግ ከሆነ ጨው አይነካትም»

ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ስለሆነም ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው።

ሞተር የማቀዝቀዣ ሁለት መንገዶች አሉ። ሲ-ዱ የተባሉት ማሽኖች በአሁኑ ዘመን ዝግ ማቀዝቀዣ ይጠቀማሉ፤ እንደ መኪና ራዲያተር የራሱ ኩላንት በሞተሩ ውስጥ ይዞራል፣ ሙቀቱንም በማሽኗ ሆድ ሥር ባለ ሳህን በኩል ለባሕሩ ይሰጣል። ያማሃና ካዋሳኪ ደግሞ ውሃውን ከባሕሩ ስበው በሞተሩ ውስጥ አዙረው መልሰው ይጥሉታል። ስለዚህ «ለጨው ውሃ ሲ-ዱ ብቻ» የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል።

የተዘነጋው ነገር በዝግ ማቀዝቀዣም ቢሆን የጭስ መውጫው የሚቀዘቅዘው በባሕር ውሃ መሆኑ ነው። ማርሚታው፣ ቱቦዎቹና ፓምፑ ከጨው አያመልጡም። በሌላ በኩል የያማሃና የካዋሳኪ ሞተሮች በጨው ውሃ እንደሚሠሩ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ በየጊዜው እየታጠቡ ብዙ ዓመት የሚያገለግሉ ሞልተዋል። የማቀዝቀዣው ዓይነት ጥቅም አለው፣ አልክድም። እኔ ግን ሳትታጠብ ከምታድር ዝግ ማሽን ይልቅ በየቀኑ የምትታጠብ ክፍቷን እመርጣለሁ።

እጥበቱ ቅደም ተከተል አለው፤ እዚህ ላይ መሳሳት ሞተር ያስከፍላል። ማሽኗ ከባሕር ወጥታ የንጹሕ ውሃ ቱቦ ከማጠቢያ አፏ ጋር ከተገጠመ በኋላ መጀመሪያ ሞተሩ ይነሳል፣ ቀጥሎ ውሃው ይከፈታል። ሲጨረስ መጀመሪያ ውሃው ይዘጋል፣ ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል። ሞተሩ ሳይነሳ ውሃ ከተለቀቀ የሚገፋው ጭስ ስለሌለ ውሃው በማርሚታው በኩል ወደ ሲሊንደር ሊመለስ ይችላል። ሞተሩ ተነስቶ ውሃው ሲዘገይ ደግሞ ክፍት ማቀዝቀዣ ያላት በሰከንዶች ውስጥ ትግላለች። ዝጓም ብትሆን በደረቅ መሬት ላይ ለረጅም ጊዜ መነሳት የለባትም፤ ሙቀቷን የምትሰጠው ባሕር ከሥሯ የለምና። ምን ያህል ደቂቃ እንደሚታጠብ በየሞዴሉ ስለሚለያይ መመሪያ መጽሐፉ ይታይ። ከዚያ መቀመጫው ተነስቶ የሞተሩ ክፍል በቀስታ በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል፣ ዝገት መከላከያ ይረጫል።

ይህ ሁሉ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። ጂቡቲ ከተማ ንጹሕ ውሃ ብርቅ ነው፤ ከሚጠጣው የተወሰነው ከእኛው ሶማሌ ክልል ከሐዳጋላ በቧንቧ የሚሄድ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ስለዚህ ማሽኗ ከመገዛቷ በፊት የማጠቢያ ቧንቧ ያለው ማቆያ ቦታ መገኘት አለበት። ቦታው ካልተገኘ ግዢው ይቆይ። ይህን የምለው ሳላመነታ ነው።

«ጉልበቷ በበዛ ቁጥር ትበልጣለች»

ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ጄት ስኪዎች ከ60 ፈረስ ጉልበት ተነስተው ከ300 በላይ ይደርሳሉ። ከላይኛው ጫፍ ያሉት አየር አምቆ የሚሰጥ ሱፐርቻርጀር አላቸው። ሱፐርቻርጀር በጣም ይሽከረከራል፣ ይግላል፣ በየተወሰነ ሰዓት ምርመራ ይጠይቃል፤ በጨው ውሃ ላይ አንድ ተጨማሪ የሚበላሽ ነገር ነው። ለጀማሪ አያስፈልግም።

ሆኖም «እንግዲያውስ ትንሿን ልግዛ» ማለትም ሁልጊዜ ልክ አይሆንም። እ.ኤ.አ. ለ2014 የቀረበችው ሲ-ዱ ስፓርክ ዋጋዋ ዝቅ ያለ፣ ክብደቷ 200 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነ ቀላል ማሽን ናት፤ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ደስ ትላለች። ነፋስ በተነሳበት ባሕር ግን ማዕበሉ ያነጥራታል፣ የነጂውን ወገብና ጉልበት ያደክማል። ከባድና ሰፊ ሆድ ያላት ሦስት ሰው የምትጭን ማሽን ማዕበሉን ትሰነጥቃለች፤ ስትቆምም አትዋልልም፣ ከውሃ ውስጥ ተመልሶ መውጣትም ይቀላል። ስለዚህ ለባሕር የመጀመሪያ ማሽን የምመክረው ትልቅ ሆድና መካከለኛ ሞተር ነው፦ ሱፐርቻርጀር የሌላት፣ ከ110 እስከ 170 ፈረስ ጉልበት። የያማሃ ቪኤክስ፣ የሲ-ዱ ጂቲአይ እና የካዋሳኪ ኤስቲኤክስ 160 እዚህ ክልል ውስጥ ይገባሉ።

ማሽኗን ወደ አገር ቤት ይዞ የመምጣት ሐሳብ ላለው አንድ ነገር ልጨምር። ሎጎ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ሱፐርቻርጀር የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ይደክማል። ጂቡቲ ላይ 160 የነበረው ወደ 130 ይወርዳል። ጣና ላይ ደግሞ እምቦጭ አለ፤ ፓምፑ ከሥር ውሃ ሲስብ አረሙን አብሮ ይስባል፣ ይታነቃል። ከዚህ ሁሉ በላይ ሎጎ ሐይቅ የዓሣ አጥማጅ መረብ የተዘረጋበት፣ ገዳም የተጠጋው ውሃ ነው። ሕዝቡንና መነኮሳቱን ሳያስፈቅዱ እዚያ ሞተር ማስጮህን አልደግፍም።

«ነዳጅ መስጫውን ከለቀቅኩ እድናለሁ»

ሰው የሚገድለው ተረት ይህ ነው።

ጄት ስኪ በውሃው ውስጥ የተዘረጋ መሪ የላትም። ከሥሯ ውሃ ስባ ከኋላ በኃይል ትረጫለች፤ መሪው ሲዞር የሚዞረው ይህ የሚረጨው ውሃ ነው። ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ መርጨቷ ይቆማል፤ መሪውም ከንቱ ይሆናል። ማሽኗ በነበራት ፍጥነት ወደነበረችበት አቅጣጫ መሄዷን ትቀጥላለች። የደነገጠ ጀማሪ ከፊቱ ጀልባ ሲያይ የሚያደርገው ደግሞ ይህንኑ ነው፤ ነዳጁን ይለቅና መሪውን ይጠመዝዛል። ማሽኗ ግን አትታጠፍም፣ ቀጥታ ትመታለች። ለማምለጥ ነዳጅ እየሰጡ መታጠፍ ያስፈልጋል፤ ይህ ከመኪና ልማድ ጋር ስለሚጋጭ ባዶ ውሃ ላይ ደጋግሞ መለማመድን ይጠይቃል።

ሲ-ዱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሞዴሎቹ ላይ የውሃ ላይ ፍሬን አስተዋወቀ፤ ያማሃም ለ2015 የራሱን አቀረበ። ሁለቱም የሚረጨውን ውሃ ወደ ፊት በመመለስ ያቆማሉ። ለመጀመሪያ ማሽን ከፈረስ ጉልበት ይልቅ ለዚህ ፍሬን ተጨማሪ ገንዘብ መክፈልን እመርጣለሁ። ያም ሆኖ ልምምዱን አይተካም።

«ፕሮፔለር ስለሌላት ሰው አትጎዳም» የሚሉም አሉ። ከኋላ የሚረጨው ውሃ ግን ኃይለኛ ነው፤ ከኋላ ተቀምጦ የወደቀ ሰው ውሃው ወደ ሰውነቱ ገብቶ ብርቱ የውስጥ ጉዳት ሊያደርስበት ይችላል። አምራቾቹ ወፍራም የዋና ሱሪ ይለበስ የሚሉት ለዚህ ነው። ከሥር ያለው መሳቢያ ደግሞ ገመድ፣ ረጅም ጸጉርና ልቅ ልብስ ይጎትታል። ጉዳቱ የሰው ብቻ አይደለም፦ በጂቡቲው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ በየዓመቱ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ግድም ዌል ሻርክ የተባሉት ግዙፍና ገራም ዓሦች ከውሃው ወለል ሥር ይሰበሰባሉ፤ በዚያ ወቅት በዝግታ የማይነዳ ሰው እነሱንም ራሱንም ይጎዳል።

«ዋና እችላለሁ፣ ጃኬት ምን ይሠራልኛል?»

በፍጥነት ላይ ከማሽን የተወረወረ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል፤ ራሱን የሳተ ሰው አይዋኝም። ጃኬቱ ይታሰር፣ የሞተር ማጥፊያው ገመድም ከነጂው ጃኬት ወይም እጅ ጋር ይታሰር። ሰውየው ሲወድቅ ሞተሩ የሚጠፋው በዚያ ገመድ ነው፤ ያለ እሱ ማሽኗ ትታው ልትርቅ ትችላለች። ማሽኗ ከተገለበጠች፣ ኋላዋ ላይ የተለጠፈው ምልክት ወደሚያሳየው አቅጣጫ ብቻ ዞራ ትቃና፤ በተቃራኒው ከሆነ ማርሚታው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ሞተሩ ይፈስሳል። ነዳጁም ለሦስት ይከፈል፦ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ነፋስ ሲነሳ።

«ሰዓቷ ትንሽ ከሆነ እንደ አዲስ ናት»

ያገለገለ ማሽን ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ከጂቡቲ የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው የሰዓት ቆጣሪውን ነው። ቆጣሪው የሚቆጥረው ግን ሞተሩ የሠራበትን ጊዜ እንጂ ጨው ተጣብቆባት የቆመችበትን ጊዜ አይደለም። 40 ሰዓት ብቻ ሠርታ ሳትታጠብ ሁለት ዓመት የቆመች ማሽን፣ 200 ሰዓት ሠርታ በየቀኑ ከታጠበችው የከፋች ልትሆን ትችላለች።

ስለዚህ መቀመጫውን አንስተው ይመልከቱ። በቡሎኖቹ ራስ፣ በባትሪው ጫፍ፣ በሽቦ መገጣጠሚያዎች ላይ ነጭ ዱቄት ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ እጥበቱ እንደተዘለለ ያሳብቃል። የሞተር ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። ካንዴላዎቹ ይፈቱ፣ በየሲሊንደሩ ኮምፕሬሽን ይለካ፤ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ከሥር ፓምፑ ውስጥ በባትሪ መብራት አይተው የምላጩ ጠርዝ አለመጎመዱን፣ የዚንኩ ቁራጭ መኖሩን ያረጋግጡ። የነዳጅ ሽታ ከሸተተዎት ሞተሩ እንዳይነሳ ያድርጉ፤ በተዘጋ ክፍል የታፈነ የቤንዚን ትነት ይፈነዳል። የባለቤትነትና የምዝገባ ወረቀቱም ይታይ፤ ዱባይን በመሰለ ከተማ ያለ ምዝገባና ፈቃድ ባሕር ላይ መውጣት አይቻልም።

በመጨረሻ ማሽኗ ውሃ ላይ ትሞከር። ከመግባቷ በፊት ከኋላ ያሉት የውሃ ማፍሰሻ ክዳኖች መታሰራቸውን በእጅዎ ነክተው ያረጋግጡ፤ ጀማሪዎች ማሽን የሚያሰምጡት ብዙ ጊዜ እነሱን ረስተው ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ከተነዳች በኋላ ወጥታ መቀመጫው ይነሳ፤ ሆዷ ውስጥ ውሃ ከተጠራቀመ የሚያስገባው ቦታ ሳይታወቅ ገንዘብ አይከፈልም። ሻጩ ውሃ ላይ አላሳይም ካለ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።