ለጽኑ ሕሙማን የሚሰጥ መብልና የአንጀት ጤና

ከጎፋ ማዞሪያ እስከ ጎፋ ገብርኤል ባለው መንደር ሰው ሲታመም፣ ጎረቤት አጥሚትና ሾርባ ይዞ መጠየቁ ከአበው የተወረሰ የፍቅር ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን ሕመምተኛው ራሱን ስቶ በመተንፈሻ መሣሪያ በሚረዳበት የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ምግቡ በየትኛው መንገድ ይግባ የሚለው ጥያቄ የሐኪም ጥበብን የሚሻ ይሆናል።

መንገዱ ሁለት ነው፦ አንዱ በአፍንጫ ገብቶ እስከ ጨጓራ በሚዘልቅ ቀጭን ቱቦ፣ ሁለተኛው በደም ሥር። የአንጀት የውስጥ ሽፋን ከሲሳዩ ከፊሉን የሚያገኘው በውስጡ ከሚያልፈው መብል ስለሆነ፣ አንጀቱ ባዶውን በሰነበተ ጊዜ ሽፋኑ ይሳሳል፤ ተሕዋስያንን የሚያግደውም ቅጽር ይላላል። ስለዚህ የደም ግፊቱ ለረጋ ሕሙም፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ጥቂት በጥቂት በቱቦ መመገብ ይመረጣል። ሆኖም ይህ ሥርዓት ልክ አለው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የፈረንሳይ ጥናት፣ የደም ግፊታቸው እጅግ ወርዶ በመድኃኒት የተደገፉ 2410 ሕሙማንን መርምሮ፣ ሙሉውን መጠን ቶሎ በቱቦ መስጠት በደም ሥር ከመመገብ ይልቅ ሞትን እንዳልቀነሰ፣ አንጀት ደም የሚያጣበትንም አደጋ እንዳበዛ አሳይቷል።

እንግዲህ ጠያቂ ሆይ፣ ያመጣኸውን ሾርባ በስውር በሕመምተኛው አፍ አታፍስስ፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና አስቀድመህ ሐኪሙን ወይም ነርሷን ጠይቅ።