ሰዓቷ በማን እጅ ነው?

ለወጣት ሴቶች የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት የት ይሰጥ የሚለው ክርክር የቆየ ነው። ጤና ጣቢያ ድረስ ካልመጡ እኛ ወደሚውሉበት እንሂድ የሚል ሐሳብ በየጥቂት ዓመቱ ይነሣል፤ ወደ ፀጉር ቤት፣ ወደ ቀበሌ አዳራሽ፣ ወደ ሰፈር መድኃኒት ቤት፣ ቡና ወደሚፈላበት ግቢ። ተቃውሞውም ወዲያው ይከተላል፦ ልጆቻችንን ታበላሻላችሁ፣ ባህላችን አይፈቅድም። ደጋፊው በተራው ይሉኝታ ነው የሚገድለን ብሎ ይመልሳል። ነገሩን ከሩቅ የሚሰማ ሰው ማንን እንደሚያምን ቢቸግረው አይፈረድበትም።

ይሉኝታ የለም አልልም። ሃይማኖት ክብደት አለው፤ የአገልግሎት እጥረትም በብዙ ወረዳ ዛሬም አለ። ሦስቱም ግን የሚገባቸውን ያህል ተወርቶላቸዋል። ብዙ ጊዜ ተዘልሎ የሚታለፈው ሌላ ምክንያት ነው፤ የልጅቷ ሰዓት። አገልግሎቱ ደጃፏ ድረስ ቢመጣ እንኳ ከቤት ለመውጣት የሌላ ሰው ፈቃድ የሚያስፈልጋት ከሆነ ምን ትጠቀማለች?

እጥረቱን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ እንደማይበቃ ያለፉት ዓመታት ያሳያሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በ2019 ቁጥሩ 41 በመቶ ደረሰ። ከዚህ ለውጥ ጀርባ ያሉት በአብዛኛው በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። መርፌውን፣ ከዚያም ክንድ ላይ የሚቀበረውን መከላከያ ወደ ገጠር ያወረዱት እነሱ ናቸው። ትልቅ ሥራ ነው፤ ሲነገር ቢውልም አይበዛበትም።

ነገር ግን ይህ ያገቡት ሴቶች ቁጥር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አንድን ቤት ስታንኳኳ የምታነጋግረው እማወራዋን ነው። መዝገቧም በቤተሰብ የተደራጀ ነው። በዚያው ቤት ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት የምትከትፈው የአሥራ ሰባት ዓመት የቤት ሠራተኛ ከዚያ ቤተሰብ ውስጥ አትቆጠርም፤ የራሷ ቤተሰብ ያለው ጎጃም ወይም ወሎ ነው። በሩን የምትከፍተውም፣ ሻይ አፍልታ የምታቀርበውም እሷ ናት። አገልግሎቱ ግን አጠገቧ ተቀምጦ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

የፖፑሌሽን ካውንስል ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ ድሃ ሰፈሮች ያሉ ታዳጊ የቤት ሠራተኞች በሳምንት በአማካይ 64 ሰዓት እንደሚሠሩ አግኝተዋል። ሳምንት በጠቅላላው 168 ሰዓት ነው። እንቅልፉ ሲቀነስ የሚተርፈውን እያንዳንዱ አንባቢ አስልቶ ይድረስበት። ያው ጥናት እነዚህ ልጆች ጓደኛ የማጣታቸውና የመጀመሪያ የግብረ ሥጋ ግንኙነታቸው በግዳጅ የመሆኑ ዕድል ከእኩዮቻቸው የሰፋ እንደሆነ አመልክቷል። ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኞችን አይመለከትም፤ ለእነሱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲያወጣ ትቶታል። የሥራ ሰዓቷንና የዕረፍት ቀኗን የሚወስነው እንግዲህ የአሠሪዋ ልብ ነው።

አሁን አንድ መድኃኒት ቤት መስኮት ጋ እንቁም። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ወጣት ሴት የምታውቀው መከላከያ ከግንኙነት በኋላ የሚወሰደው ኪኒን፣ ፖስት ፒል ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል፣ ማንም ስም አይጠይቅም፣ ካርድ አይወጣም። ቲማቲምና ዘይት በያዘ ፌስታል ላይ ደርቦ መግባት ይቻላል። ፖስት ፒል ይህን ያህል የተወደደው ነውር ስለሌለው ብቻ አይመስለኝም፤ መድኃኒት ቤት ውስጥም ዓይን አለ። የተወደደው ሁለት ደቂቃ ስለሚበቃው ነው። ጤና ጣቢያ ግማሽ ቀን ይፈልጋል፤ ካርድ ክፍል፣ ወረፋ፣ ምክር፣ ቀጠሮ። ከገበያ መልስ ሁለት ደቂቃ የሚሰርቅ ሰው ግማሽ ቀን ሊሰርቅ አይችልም።

ሆኖም ይህ ኪኒን የሚሠራው ግንኙነቱ በተፈጸመ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ነው፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ለእሑድ ቅዳሴ ብቻ የምትወጣ ልጅ ሰኞ ሌሊት ብትደፈር 72 ሰዓቱ ሐሙስ ሌሊት ያልቃል። ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው ከተጋላጭነት በኋላ የሚሰጠው መድኃኒትም ገደቡ ያው 72 ሰዓት ነው። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 በመደፈር የመጣ ፅንስን ማቋረጥ ፈቅዷል፤ ሕጉ ከቃሏ ሌላ ማስረጃም አይጠይቅም። በወረቀት ሲታይ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የተሻለ ሕግ ነው። ይህንኑ ሕግ ለመጠቀም ግን ከቤት መውጣት ያስፈልጋል፤ ፈቃጁም አንዳንዴ ደፋሪው ራሱ ነው።

ይህ የሰዓት ነገር ቀድሞ የገባው አንድ ፕሮግራም ነበር፤ ብሩህ ተስፋ። በ2006 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተጀመረ ሲሆን በኋላ ባሕር ዳርና ጎንደርን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ሰፍቷል። ስለ ብሩህ ተስፋ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቀበሌዎች አዳራሽ መስጠታቸው፣ ልጆቹ ፊደል መቁጠራቸው፣ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ሥነ ተዋልዶ ጤና መማራቸው ነው። ለእኔ ዋናው ነገር ከዚያ በፊት የተደረገው ነው። ከየሰፈሩ የተመለመሉ ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ከትምህርት ገበታ ውጪ ያሉ ልጃገረዶችን ይፈልጉ ነበር። የቤት ሠራተኛ ሲያገኙ ደግሞ ከአሠሪዋ ጋር ቁጭ ብለው ይደራደራሉ። ስንት ሰዓት ትለቂያታለሽ? ምሳ ከተነሣ በኋላ ይሻልሻል ወይስ ወደ ማታ? የመሰብሰቢያው ሰዓትም ከልጆቹ ሥራ ጋር ተስማምቶ ይወሰን ነበር።

ከአሠሪ ጋር መደራደር በሪፖርት ላይ አያምርም። የተከፋፈለ ኮንዶም፣ የሠለጠነ ሰው፣ የተከፈተ ክፍል ይቆጠራል፤ አንዲት እማወራን አሳምኖ የተገኘ ሁለት ሰዓት አይቆጠርም። በየጤና ጣቢያው "ለወጣቶች ምቹ" የሚል ታፔላ የተለጠፈባቸው ክፍሎች የተማሪዎች መሄጃ ሆነው የቀሩትም ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል። ተማሪ የራሷ ከሰዓት በኋላ አላት።

ሴቶቻችን ለቤት ሠራተኝነት በሚሄዱባት የሳዑዲ ዋና ከተማ፣ ሪያድ ላይ ነገሩ ይከፋል። ፉጣ በከተማዋ መሀል፣ በበጥሓ ገበያ አካባቢ ያለች አሮጌ ሰፈር ናት። በጥሓ የስደተኛ ሠራተኛ ገበያ ነው፤ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ደግሞ በኅዳር 2013 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን ስደተኞችና በፖሊስ መካከል ግጭት የተነሣበት መንፉሓ አለ። በዚያ ሰሞን በተጀመረው ዘመቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ተባርረው ተመልሰዋል። "ወደሚውሉበት እንሂድ" የሚለውን ሐሳብ ወደ ፉጣ ብንወስደው ምን እናገኛለን? በመንገዱ የሚታየው በአብዛኛው ወንድ ነው። ሴቶቻችን የሚውሉት እዚያ አይደለም፤ በየቪላው ውስጥ ከማዳም፣ ከአሠሪያቸው ሴት ጋር ነው። ፉጣና በጥሓ የሚደርሱት ወይ ማዳም የፈቀደችላቸው፣ ወይ ከካፊላቸው (ከስፖንሰር አሠሪያቸው) ጠፍተው በራሳቸው የሚሠሩት ናቸው። የጠፋችው ሰዓት አላት፣ ሕጋዊ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የላትም። ኢቃማ ያላት ሰዓት የላትም።

የሳዑዲ መንግሥት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በቀን ቢያንስ ዘጠኝ ሰዓት ዕረፍት ተፈቅዶ ነበር። ደንቡ ግን በዕረፍቷ ቀን በሩ ይከፈትላት ብሎ አያስገድድም ነበር፤ የወጣችውንም አሠሪው "ጠፋች" ብሎ ሊያስመዘግባት ይችላል። አገር ቤት ሴትን ከሴት የሚያገናኘው ቤተ ክርስቲያንና የጽዋ ማኅበርም እዚያ በአደባባይ የለም። ሳዑዲ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አይፈቀድምና።

ውጤቱ ከአገር ቤቱ የሚለየው በቅጣቱ ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትሄድ ሴት ገና ከመነሻዋ የእርግዝናና የኤች አይ ቪ ምርመራ ታደርጋለች፤ ከተገኘባት አትሄድም። ምርመራ በእሷ አእምሮ ውስጥ ከመባረር ጋር ይያያዛል፤ ስለዚህ ሲያማት ከምርመራ ትሸሻለች። ከጋብቻ ውጪ ማርገዝ በሳዑዲ ለእስር ይዳርጋል። ሆስፒታል ለመውለድ የጋብቻ ወረቀት ይጠየቃል፤ ወረቀት ከሌላት በቤት ትወልዳለች፣ ልጁም ሳይመዘገብ ያድጋል። እንዲህ ዓይነት እናቶች ልጅ ታቅፈው ቦሌ ሲወርዱ ወደ ቤተሰባቸው ለመሄድ የሚያፍሩ አሉ። አጋር ኢትዮጵያን የመሰሉ መጠለያዎች ከሚቀበሏቸው ተመላሾች መካከል በሰው አገር ተደፍረው የመጡ ይገኙበታል። "ባህላችን አይፈቅድም" የሚለው ሰው እዚህ ድረስ ተከትሎ ቢያየው እወድ ነበር።

ሰዓት ሲኖር ቦታ ራሱ እንደሚፈጠር ለማየት ሆንግ ኮንግን መመልከት ይበቃል። በዚያ ሕግ የቤት ሠራተኛ በየሰባት ቀኑ የ24 ሰዓት ዕረፍት አላት። እሑድ እሑድ በሺዎች የሚቆጠሩ ፊሊፒናውያን ሴቶች በሴንትራል ጎዳናዎች፣ ኢንዶኔዥያውያኑ ደግሞ በቪክቶሪያ ፓርክ ካርቶንና ምንጣፍ ዘርግተው ይውላሉ። ፀጉር ይሠራራሉ፣ ምግብ ይካፈላሉ፣ ገንዘብ ይልካሉ። የጤናና የሕግ ምክር የሚሰጡ ድርጅቶችም ወደዚያው ይሄዳሉ። ፓዝፋይንደርስ የተባለ ድርጅት እዚያ ያረገዙ ስደተኛ ሠራተኞችንና ልጆቻቸውን ይረዳል። ሆንግ ኮንግ ገነት አይደለችም፤ በደል የሚደርስባቸው ብዙ ናቸው። ሆኖም ያ የእሑድ አደባባይ የተገኘው ማንም የማኅበረሰብ ማዕከል ስለሠራ አይደለም። ቀኑ የእነሱ ስለሆነ ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት በእጁ ያለ አንድ ሰዓት አለው። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት ሕግ መሠረት ለሥራ ወደ ውጭ የምትሄድ ሴት ሥልጠና ወስዳ የብቃት ማረጋገጫ ታገኛለች። በእነዚያ የሥልጠና ቀናት አሠሪ የላትም፤ ሰዓቱ የእሷ ነው። የልብስ ማጠቢያ ማሽንና የአረብኛ ሰላምታ በምትማርበት ክፍል ስለ ሰውነቷም በግልጽ ሊነገራት ይገባል፦ ብትደፈር በ72 ሰዓት ውስጥ ምን መደረግ እንዳለበት፣ ማርገዟን ብታውቅ ለማን እንደምትደውል፣ በክንድ የሚቀበረው መከላከያ እንደ ዓይነቱ ሦስት ወይም አምስት ዓመት እንደሚያገለግልና የሁለት ዓመት ኮንትራትን እንደሚሸፍን። ከአማራ ክልል ጭምር ብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች ወደ ሳዑዲ በሚላኩበት ዘመን ይህን መዝለል ይቅርታ የለውም።

እዚህ ላይ ግን ፍርሃት አለኝ፤ ከባድም ነው። ሰው ከጉዞ በፊት ሲሰለፍ የሚሰጠውን ሁሉ ይቀበላል። በጥር 2013 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር፣ ወደ እስራኤል የሚጓዙ ኢትዮጵያውያን እናቶች በመተላለፊያ ካምፕ ሳሉ ሳይረዱት የወሊድ መከላከያ መርፌ ይወጉ ነበር የሚለው ዘገባ ከተሰራጨ በኋላ፣ ሐኪሞች ሴቶቹ ምንነቱን መረዳታቸውን ሳያረጋግጡ መርፌውን እንዳያድሱ አዝዟል። ግዳጅ ነበር ወይስ አልነበረም በሚለው ዛሬም ክርክር አለ። ለእኛ ትምህርቱ ሌላ ነው፤ መከላከያው የጉዞ ቅድመ ሁኔታ ከሆነ፣ ወይም ደላላውና ኤጀንሲው ከጠየቁት፣ አገልግሎት መሆኑ ያበቃል። ከሚሰጣት ሰው ጋር ብቻዋን ሆና እምቢ ለማለት የምትችልበት ክፍል ከሌለ ባይጀመር ይሻላል።

ለቤት ሠራተኞች ሕጉ እስኪወጣ፣ ደንቡ እስኪጸድቅ ዓመታት ይሄዳሉ። ሪያድ ያለው ኤምባሲ የማዳምን በር በአንድ ቀን አያስከፍትም። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ግን ቤታቸው ሠራተኛ ያለች ብዙዎች ናቸው፤ የአንዲት ልጅ ሰዓት በእነሱ እጅ ነው። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ስጧት፤ ደመወዟን አትቀንሱባት፣ የት ዋልሽ ብላችሁም አትመርምሯት።