ምሥራቅ ያየ በረንዳ

አዳማ ውስጥ በረንዳውን በአልሙኒየምና በመስታወት የሚያዘጋ ሰው በቂ ምክንያት አለው። ነፋሱ አቧራ ይዞ ይገባል፣ ቤቱ ይጠባል፣ በዚህ መንገድ አንድ ክፍል ግንብ ሳይገነባ ይገኛል። ጠዋት ላይ ክፍሉ ደስ ይላል፤ ቡና ይፈላበታል፣ ልጆች ያጠኑበታል። ከቀኑ 8 ሰዓት ካለፈ ግን ማንም አይቀመጥበትም። ያን ያህል ገንዘብ ወጥቶበት ግማሽ ቀን ባዶውን የሚውል ክፍል ሳይ ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ የተሠራው ሠራተኛው ከመምጣቱ በፊት፣ ክፍሉ የት ይሁን ሲባል ነውና።

የመስታወት ክፍል ለምን ይግላል? የተለመደው መልስ “መስታወት ብርሃን ያስገባል፣ ሙቀት ግን አያስወጣም” የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። በፀሐይ የጋለ ወለል ለዓይን የማይታይ የሙቀት ጨረር ይለቃል፤ መስታወት ይህን ጨረር ያግደዋል። ነገር ግን ዋናው ምክንያት ሌላ መሆኑን አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ እ.ኤ.አ. በ1909 በሁለት ሣጥኖች አሳይቷል። አንዱን በመስታወት፣ ሌላውን ከማዕድን ጨው በተቆረጠ ጥርት ያለ ገበታ ከደነ። ጨው፣ ያው ከአፋር በአሞሌ ተቆርጦ የሚወጣው ዓይነት ማዕድን፣ ከመስታወት በተለየ የሙቀት ጨረርን አያግድም። ሁለቱም ላይ እኩል ብርሃን እንዲያርፍ አድርጎ ፀሐይ ላይ ሲያቆያቸው ግን ሁለቱም ወደ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሱ፤ ልዩነታቸው አንድ ዲግሪ እንኳ በቅጡ አይሞላም ነበር። ያጋላቸው መውጫ ያጣ አየር ነው። ሜዳ ላይ የሞቀ አየር ይነሣል፣ ቀዝቃዛው ይተካዋል፤ ሣጥን ውስጥ ግን ያው አየር እዚያው እየተዘዋወረ ይግላል።

ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ባቱ፣ ብዙዎቻችን ዝዋይ የምንላት ከተማ፣ ጽጌረዳ የሚያድግባቸው ሰፋፊ የፕላስቲክ ቤቶች አሏት። ስስ ፕላስቲክ የሙቀት ጨረርን ከመስታወት ይልቅ በቀላሉ ያሳልፋል፤ እንዲያም ሆኖ ቤቶቹ ይግላሉ። ስለዚህ ገበሬው የሚያስበው አየሩ ከላይና ከጎን የሚወጣበትን ክፍት ቦታ ነው። ለአበባ የታሰበው ለሰውም ሊታሰብ ይገባል።

ቀጥሎ መጠኑን እንይ። ጥርት ባለ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ ባየ ግድግዳ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከ600 ዋት በላይ የፀሐይ ኃይል ያርፋል። 3 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ቁመት ያለው ተራ መስታወት ከዚህ ውስጥ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ያስገባል። ይህ አንድ የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚወስደው ጋር ይቀራረባል። በሌላ አነጋገር፣ ክፍሉ ውስጥ ምጣድ ለኩሶ ለሰዓታት እንደመቀመጥ ነው። ከውስጥ መጋረጃ መዝጋትም ብዙ አይረዳም፤ ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ መጋረጃው ራሱ ይግላልና። ጥላ ከውጭ ሲሆን ነው ጥላ የሚሆነው፦ ሐረግ፣ ዛፍ ወይም የሸንበቆ መከለያ።

አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ ቀትር ላይ ከአናት በላይ ትቆማለች፤ ጥላችን እግራችን ሥር ይጠፋል። (ትክክለኛው ቀትር እዚህ 6 ሰዓት ከ20 ካለፈ በኋላ ነው፤ የአገራችን ሰዓት የተሰፈረው ከአዳማ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ነውና።) በታኅሣሥ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ፣ በሰኔ ወደ ሰሜን 15 ዲግሪ ብቻ ታዘነብላለች። ስለዚህ በደቡብ በኩል 1 ሜትር የወጣ የጣሪያ ክፈፍ በታኅሣሥም ቢሆን ቀትር ላይ ከሥሩ 1 ሜትር ከ60 የሚሆን ግድግዳ ያጠላል፤ በሰሜን በኩል ደግሞ ይህ ክፈፍ በሰኔ ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ይሸፍናል። ምሥራቅና ምዕራብ ላይ ክፈፍ አቅም የለውም፤ ዝቅ ብላ የምትመጣ ፀሐይ ከሥሩ ሾልካ ትገባለች። ሁለቱ ግን እኩል አይደሉም። የማለዳዋ ፀሐይ ሌሊት የቀዘቀዘውን አየር ታሞቃለች፤ የምዕራቧ የጋለውን ታግላለች። ምርጫ ካለ እኔ ያለማመንታት ምሥራቅን እላለሁ።

የመሬቱ ከፍታም ይወስናል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በግምት 6 ዲግሪ ተኩል ይለያያል። ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የጥቅምትና የኅዳር ብርዷ ምሥራቅ ላለው የመስታወት ክፍል ምክንያት ይሆናል። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ነች፤ እዚህ መስታወቱ በግማሽ፣ ያውም የሚከፈት ቢሆን ይበቃል። ከ1,000 ሜትር በታች ባለችው መተሐራ ግን መስታወት አልመክርም፤ ወንፊት ሽቦና ጥሩ ጣሪያ ያለው ሰፊ በረንዳ ይሻላል።

አዳማ ደግሞ ነፋስ አላት። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው የነፋስ ኃይል ማመንጫ ብቻ 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህን ነፋስ በመስታወት ዘግቶ፣ ከዚያ ለማቀዝቀዣ ማሽን መብራት መክፈል ያስቆጫል። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ዝቅ ያለ መስኮት፣ በተቃራኒው ከኮርኒሱ ሥር ሰፋ ያለ መውጫ ቢኖር የሞቀው አየር ራሱን ያወጣል።

መስታወት ግድግዳ ላይ እንጂ ጣሪያ ላይ አይሁን። ፀሐይዋ ከአናት የምትመጣበት አገር ስለሆነ ከሁሉ የሚበልጠው ሙቀት በዚያ ነው የሚገባው። ሌላም ምክንያት አለ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተከታተለው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በስምጥ ሸለቆ የሚኖር ሰው ከራሱ በላይ ተራ መስታወት ሊሰቅል አይገባም። ግድግዳ ላይም ቢሆን ሲሰበር ወደ ደቃቅ፣ ስለት ወደሌለው ፍርካሽ የሚለወጠውን ጠንካራ መስታወት፣ ወይም መሐሉ ስስ ፕላስቲክ ስላለው ቢሰነጠቅም የማይረግፈውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አልሙኒየም ሠራተኛው ለመለካት ከመምጣቱ በፊት አንድ ወንበር ወደታሰበው ቦታ ይውጣ። በሚያዝያ አንድ ቀን ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር ላይና ከቀኑ 10 ሰዓት እዚያ ተቀምጦ ጥላው የት እንደሚያርፍ፣ የተሰጣው ልብስ ወዴት እንደሚውለበለብ ማየት ነው።