በባትሪ የሚሠራ የሣር ማጨጃ አጠቃቀም በደጋማ አካባቢዎች

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ የሳሳ በመሆኑ በነዳጅ የሚሠራ የሣር ማጨጃ እስከ አንድ አራተኛ የሚደርስ ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል። በባትሪ የሚሠራው ማጨጃ ግን ነዳጅ ስለማያቃጥል በከፍታ ምክንያት ጉልበቱ አይቀንስም፤ ጭስ አያወጣም፤ ድምፁም ዝቅተኛ ነው።

ይሁን እንጂ የአካባቢው ብርድ ለባትሪው ጠንቅ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊት ውርጭ ይከሰታል። የሊቲየም ባትሪ ከ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ቻርጅ ቢደረግ ውስጡ በማይጠገን ሁኔታ ይጎዳል፤ ለእሳት አደጋም ሊያጋልጥ ይችላል። ስለሆነም ባትሪው ከማሽኑ ተነቅሎ በቤት ውስጥ ሊቀመጥ ይገባል። ውጭ ካደረም ቻርጅ ከመደረጉ በፊት ብርዱ እስኪለቀው ድረስ በክፍል ውስጥ ይቆይ። ከከሰል ምድጃ አጠገብ አድርጎ ማሞቅ አደገኛ ነው።

በክረምት ወራት እርጥብ ሣር በስለቱ ላይ ይጣበቃል፤ እግርንም ያንሸራትታል። በመሆኑም ሣሩ ጠፈፍ ካለ በኋላ ማጨድ ይመረጣል። ረዥም ሣር በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ ባይቆረጥ ለሣሩም ለባትሪውም ይበጃል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ድንጋይና ሽቦ ከግቢው ሊለቀሙ፣ ሕፃናትም ሊርቁ ይገባል። ስለቱን ለማጽዳት ወይም የተሰነቀረ ነገር ለማውጣት ሲታሰብ ማሽኑን ማጥፋት ብቻ በቂ አይደለም። ባትሪው እንደተገጠመ ማሽኑ ሳይታሰብ ተነሥቶ ጣት ሊቆርጥ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ባትሪውን መንቀል የግድ ነው።