የገበሬው ቃል በሬዲዮ ተነግሮ እንዳይቀር

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ቲማቲም ግን ዝም ሲባል ይበሰብሳል። በመቂና በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ ከደንበል ሐይቅ፣ ከመቂ ወንዝና ከጉድጓድ በሞተር ውኃ እየሳበ አትክልት የሚያለማው ገበሬ ይህን በሚገባ ያውቀዋል። የብዙ ማሳ ምርት በአንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል። በአዲስ አበባ ገበያ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ስንት እንደሚሸጥ የሚያውቀው ደላላው ነው። ገበሬው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ማሳው ዳር የተጠራለትን ዋጋ ብቻ ነው። የተለቀመ ቲማቲም ደግሞ ሌላ የገበያ ቀን አይጠብቅም።

ይህን የመሰለው ችግር ከማሳ ዳር ወጥቶ በአደባባይ ከሚሰማባቸው መንገዶች አንዱ የአካባቢ ሬዲዮ ነው። ጋዜጠኛው የድምፅ መቅረጫውን ይዞ ወደ ገጠር ሲዘልቅ በቅድሚያ የሚፈልገው የማኅበሩን መሪ ነው። ስለዚህ ቃለ ምልልሱ ለአባላቱ የሚጠቅም እንዲሆን ማድረግ በአብዛኛው በመሪው እጅ ነው።

ከማዕከል ወደ አካባቢ

በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሥርጭት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ለብዙ ዓመታት ድምፁ በአመዛኙ የሚነሣው ከአዲስ አበባ በመሆኑ፣ የገጠሩ ሰው አድማጭ እንጂ ተናጋሪ ሆኖ የሚቀርብበት ጊዜ ጥቂት ነበር። በ1998 ዓ.ም. የኦሮሚያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት መሥሪያ ቤቱን አዳማ ላይ አድርጎ ሲቋቋም ግን ለስምጥ ሸለቆ ገበሬ ርቀቱ አጠረ። ኋላ የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትዎርክ የተባለው ይኸው ድርጅት ዋና ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። በሻሸመኔም የፋና ኤፍ.ኤም. ጣቢያ ተከፍቷል።

የአዳማ አቀማመጥ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ከከተማይቱ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ የወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ይገኛል። በ1961 ዓ.ም. የተቋቋመው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም በዚያው አቅራቢያ ነው። ማዕከሉ በዝናብ አጠር አካባቢ ስለሚበቅሉ ሰብሎች፣ በተለይም ስለ ቆላ በቆሎ፣ ስለ ቦሎቄና ስለ አትክልት ሲመራመር የኖረ ነው። ጠያቂው ገበሬ፣ መላሹ ተመራማሪና አገናኙ ጋዜጠኛ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይለያያቸውም።

ወሬ ሲዘገይ

የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. በአገራችን ደቡብ ምዕራብ ታይቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ብዙ የበቆሎ አካባቢዎች ተዛመተ። ተምቹ ገና ትንሽ ሳለ በእጅ እየለቀሙ መግደል ይቻላል። ካደገና በበቆሎው እምብርት ውስጥ ከተሸሸገ በኋላ ግን የተረጨው መድኃኒት እንኳ በቀላሉ አያገኘውም። እንዲህ ያለው ጠላት ሲመጣ ወሬው በደብዳቤ እስኪደርስ መጠበቅ አዝመራን ማስበላት ነው። ሬዲዮ ግን ማምሻውን የተነገረውን ገበሬው ማለዳ ማሳው ውስጥ ገብቶ እንዲመለከት ያደርጋል። ተምቹን አስቀድሞ ያየው ገበሬ በራሱ ቋንቋ ምልክቱን ቢናገር ደግሞ ጎረቤቱ በቀላሉ ይረዳዋል።

ማን ይናገር? ምን ይናገር?

አንድ መሪ ተጠይቆ «ችግራችን ብዙ ነው፣ የሚመለከተው ክፍል ይድረስልን» ቢል፣ የሚመለከተው ክፍል ማን እንደሆነ አድማጩ አያውቅም። የተባለው ክፍልም ራሱን ሳይጠረጥር ያልፈዋል። በአንጻሩ ስንት አባላት ሽንኩርት እንደተከሉ፣ ስንት ኩንታል እንደደረሰ፣ በማሳ ዳር ስንት እንደተጠየቀ፣ መንገዱ የተበላሸው በየትኛው ወንዝ አጠገብ እንደሆነና ጥያቄው ለየትኛው መሥሪያ ቤት በየትኛው ቀን እንደቀረበ ቢናገር፣ ጋዜጠኛው ያንን ይዞ መሥሪያ ቤቱን ለመጠየቅ ይችላል። በመሆኑም ከቃለ ምልልሱ በፊት ተሰብስቦ ቁጥሩን ማጣራት ያስፈልጋል።

መሪው ብቻውን መናገሩም አይበቃም። የውኃው መራቅ የሚሰማት እንስራ የምታዝለው ሴት ናት። ስለ ሥራ ማጣት ወጣቱ፣ ስለ ግጦሹ መጥበብ አዛውንቱ ይናገር። ቅሬታ ያለው አባል ሲናገርም ስም አጠፋ ተብሎ በዓይነ ቁራኛ ሊታይ አይገባውም። አንድ ገበሬ እውነቱን ተናግሮ ማዳበሪያ ሲታደል ወደ ኋላ የሚጎተት ከሆነ፣ በሌላ ጊዜ መቅረጫው ሲመጣ ሁሉም «ደኅና ነን» ይላል። ያን ጊዜ ሬዲዮው አለ፣ ድምፁ ግን የለም።

ሙዚቃውም ሥራ አለው

በእነዚህ ዝግጅቶች መካከል የሚሰማውን ዘፈን የጊዜ ማባከኛ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ከማሳ ደክሞ የተመለሰ ሰው ሬዲዮውን የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ለሙዚቃው ሲል ነው። ዜናውንና ምክሩን የሚሰማው ከዚያ ጋር ነው። በድሬዳዋ ከአፈረን ቀሎ የሙዚቃ ጓድ ጋር ተነሥቶ የኦሮምኛን ዘፈን ለብዙ ሕዝብ ያደረሰው ዓሊ ቢራ ያረፈው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በአዳማ ነው። የእርሱ ድምፅ ተቀድቶ ስለቀረ ዛሬም ይሰማል። በየመንደሩ የሚዜመው ገራርሳና የደቦ ዘፈን ግን ካልተቀዳ ከአዛውንቱ ጋር ይቀበራል። ለጋዜጠኛው የሚዘፍኑትን አዋቂዎች መጠቆም እንግዲህ የማኅበሩ ድርሻ ነው።

ሰምቶ መወያየት

በካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1965 የገበሬዎች የሬዲዮ መድረክ የሚባል ዝግጅት ነበር። ጎረቤታሞች በየሳምንቱ በአንዱ ቤት ተሰብስበው ዝግጅቱን ያዳምጣሉ፣ ይወያያሉ፣ የደረሱበትንም ጽፈው ይልካሉ። የላኩት አሳብ ተጠቃልሎ ተመልሶ በሬዲዮ ይነገር ነበር። ሕንድም እ.ኤ.አ. በ1956 በፑና አካባቢ በሚገኙ መንደሮች ይህንኑ ሞክራለች። ከሁለቱም የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ሬዲዮ ብቻውን አያለማም። የሚያለማው ሰምቶ የሚወያይና የወሰነውን የሚሠራ ጉባዔ ነው።

ለአገራችን ገበሬ ጉባዔ አዲስ ነገር አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራት እንዲቋቋሙ ካደረገ ወዲህ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ መወያየት የተለመደ ሆኗል። ዘመን ቢለዋወጥም ልማዱ በቀበሌና በኅብረት ሥራ ማኅበር ስብሰባ ቀጥሏል። በዚያ ስብሰባ ላይ አንድ ሬዲዮ ወይም ሬዲዮ የሚቀበል ስልክ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ የለውም። አንድ ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት የተነገረውን ይመዘግባል። በሬዲዮ ቃል የገባ ኃላፊ ካለ ስሙ፣ ቃሉና ቀኑ በማኅበሩ መዝገብ ይሰፍራል። በሚቀጥለው ስብሰባ መዝገቡ ተገልጦ የተፈጸመውና ያልተፈጸመው ይለያል። ጋዜጠኛው ዳግመኛ ሲመጣም የሚጠየቀው ጥያቄ ዝግጁ ሆኖ ይቆየዋል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። ማሳው ዳር ብቻውን ከደላላ ጋር የሚከራከር ገበሬ ሸክሙ ከባድ ነው። የሃምሳ ገበሬ ቃል አንድ ሆኖ፣ ቁጥርና ቀን ይዞ በሬዲዮ ሲሰማ ግን መልስ ሳያገኝ ለማለፍ አስቸጋሪ ይሆናል። የሚቀጥለው ቲማቲም ከመቅላቱ በፊት መዝገቡን መክፈት የማኅበሩ መሪ ሥራ ነው።