ጠላ ጠመቃ በምዕራብ ጎጃም

ጠላ ከብቅል፣ ከተቆላ እህልና ከጌሾ በቤት ውስጥ የሚጠመቅ መጠጥ ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ጠመቃው የሴቶች ሙያ ሲሆን ልጅ ከእናቷ እያየች ትለምደዋለች። መጠኑ በዓይንና በእጅ ስለሚለካ የአንዱ ቤት ጠላ ከጎረቤቱ ይለያል።

አካባቢው በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ጤፍና ገብስ አብቃይ ነው፤ ጠላውም ብዙ ጊዜ ከበቆሎና ከዳጉሳ ይጠመቃል። ለብቅል ገብስ ወይም ዳጉሳ ተነክሮ ከበቀለ በኋላ ደርቆ ይፈጫል። እህሉ ሲበቅል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች ይፈጠራሉ፤ እርሾውም ስኳሩን ወደ አልኮል ይቀይረዋል።

አሠራሩ ከቤት ቤት ቢለያይም ቅደም ተከተሉ ይመሳሰላል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውሃ ይጠነሰሳል። ከቀናት በኋላ ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ሲጨመር ድፍድፍ ይሆናል። ተቆልቶ የተፈጨው እህል አሻሮ ይባላል፤ ይህ በውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ ሲበስል እንኩሮ ይሆንና ቀዝቅዞ ወደ ጋኑ ይገባል። ጠላው መጥቆሩ ወይም መቅላቱ በአብዛኛው ከአቆላሉ ነው። በመጨረሻ ውሃ ተሞልቶ የጋኑ አፍ ይታፈናል። ሳይጠራ የሚጠጣው ጉሽ፣ ድፍድፉ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚገኘው ቀጭኑ ደግሞ ቅራሪ ይባላል። አተላው ለከብት ይሰጣል።

ጌሾ በፋብሪካ ቢራ ውስጥ ሆፕ የሚይዘውን ቦታ ይይዛል። መራራነቱ ጌሾይዲን ከተባለ ንጥረ ነገር ይመጣል።

በገጠር ጠላ ከሥራ ጉልበት ጋር የተሳሰረ ነው። ደቦ የጠራ ገበሬ የመጡለትን አብልቶና አጠጥቶ ያሠራል፤ ጠላ ያልተጠመቀበት ቤት ግን አጨዳውንና ውቂያውን ለብቻው ሊጋፈጥ ይችላል። ስለዚህ የእርሻው ሥራ በከፊል የሚወሰነው በጠማቂዋ ልፋት ነው፤ ውሃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙና መፍጨቱ በአብዛኛው በእሷ ላይ ይወድቃል። የሰንበቴና የማኅበር ተራ ሲደርስም እንዲሁ ነው።

በከተማ ጠላ ይሸጣል፤ በር ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ጠላ ቤት መሆኑን ያመለክታል። ባል የሞተባት ወይም የፈታች ሴት በትንሽ ገንዘብ ልትጀምራቸው ከምትችላቸው ሥራዎች አንዱ ነው። በ1915 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተቋቋመው ጊዮርጊስ የጀመረው የፋብሪካ ቢራ ዛሬ የሠርግና የመዝናኛ ቤት መጠጥ ሆኗል። ከጠላ ሻጮች አንዳንዶቹ ደግሞ አረቄ ያወጣሉ። አረቄ ሳይበላሽ ብዙ ጊዜ ስለሚቆይ ለገበያ ይመቻል፤ እሳት ላይ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ግን ብዙ ማገዶ ይፈጃል።