በደግነት የሚሠራ ምትሐት፤ የአንድ አረጋዊ የመድረክ ሰው ትዝታ

ምትሐት የሚለው ቃል በሀገራችን ሲነገር ሰሚውን ያስፈራል። ሰው «ምትሐት ታየኝ» ሲል ያየው ነገር ከበጎ እንዳልመጣ ሁሉም ያስባል፤ ጠንቋዩም ይህን ፍርሃት ዐውቆ ከእናት መቀነት ገንዘብ፣ ከአባት በረት በግ ያስወጣል። ነገር ግን በአውሮፓ ምድር በመብራት ፊትና በብዙ ሰው መካከል ቆሞ፣ «እነሆ ላታልላችሁ ነው፤ ዓይናችሁን ጠብቁ» እያለ በግልጽ የሚጫወት፣ በዚሁም ሙያ እንጀራውን በክብር የሚበላ ምትሐተኛ አለ። ከነዚህ ሰዎች አንዱ ዴቪድ ዴቫንት የተባለው እንግሊዛዊ ነበር። ይህ ሰው ከመድረክ ከተሰናበተ በኋላ በ1931 ዓመተ ምሕረት የሕይወቱን ትዝታ በመጽሐፍ አሳተመ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የርሱን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ የወደድነው የምትሐቱን ምስጢር ለመግለጥ አይደለም፤ ተመልካቹን እያታለለ ነገር ግን ሳያዋርድ መኖር እንደሚቻል በሥራው ስላሳየ ነው እንጂ።

ዴቪድ በ1868 በሎንዶን ከተማ ሆሎዌይ በሚባለው ሰፈር ተወለደ። የቤተ ሰቡ ስም ዋይተን ነው፤ አባቱም ሥዕል ሠሪ ነበር። ገና ሕፃን ሳለ አንድ ምትሐተኛ ሲጫወት አይቶ ልቡ በዚያው ቀረ። ለመድረክ የሚሆነውን ስም ሲፈልግ ሳለ ደግሞ በሥዕል ማሳያ ቤት ውስጥ ብላቴናው ዳዊት በጎልያድ ፊት መቆሙን የሚያሳይ ሥዕል አየ፤ የሥዕሉም ስም በፈረንሳይኛ «ዳቪድ ደቫን ጎልያት» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ፈረንሳይኛ የሚያውቁ አንባቢዎቻችን እንደሚረዱት «ደቫን» ማለት «በፊት» ማለት ነው። ልጁ ቃሉ ደስ ስላለው በእንግሊዝኛ አነጋገር ዴቫንት ብሎ ስሙ አደረገው። ባዶ እጁን በሺሕ ሰው ፊት ለሚቆም ሰው ከዚህ የተስማማ ስም የሚገኝ አይመስለንም።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ሠራተኛውም ነጋዴውም ማታ ማታ የሚሰበሰብበት፣ ሚዩዚክ ሆል የሚባል የልዩ ልዩ ጨዋታ ቤት ነበር። በአንድ ምሽት ዘፋኙ፣ ቀልደኛው፣ ተገለባባጩ፣ ውሻ የሚያጫውተው፣ ድምፁን ከአሻንጉሊት አፍ የሚያወጣው፣ ምትሐተኛውም በየተራቸው ወደ መድረክ ይወጣሉ። ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ውስጥ የተመልካቹን ልብ ያልያዘ ሰው ጩኸትና ፉጨት ተከትሎት ይወርዳል። አዝማሪን በሠርግ ቤት በደስታ እየሰሙት ለዝምድና ግን እንደማይመኙት ሁሉ፣ በእንግሊዝም አገር ታላላቆቹ ሰዎች በነዚህ ተጫዋቾች ይስቁ ነበር እንጂ በክብር አይቀበሏቸውም ነበር። ዴቫንት በወጣትነቱ የተማረው በዚህ ቤት ነው።

በ1893 ግን ፒካዲሊ በሚባለው ጎዳና ወደ ነበረው፣ የግብፅ አዳራሽ ወደሚሉት ቤት ገባ። ይህ አዳራሽ በ1812 ሲሠራ ፊቱ የጥንት የግብፅ ቤተ መቅደስ እንዲመስል ስለ ተደረገ ነው በዚህ ስም የተጠራው። በዚያ ያጫውት የነበረው ጆን ኔቪል ማስክሊን አስቀድሞ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ ወደ ምትሐት ሙያ የገባበትም ምክንያት ሊነገር የሚገባው ነው። በ1865 ዳቬንፖርት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወንድማማቾች በእንግሊዝ አገር እየዞሩ፣ እጅ እግራቸው በገመድ ታስሮ በሣጥን ውስጥ ይዘጋባቸውና ከሣጥኑ ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ይህም የመናፍስት ሥራ ነው ይባል ነበር። ማስክሊን በቸልትናም ከተማ ሲመለከት ሳለ የመስኮት መጋረጃ ጥቂት ገለጥ ብሎ ብርሃን ስለ ገባ፣ የታሰረው ሰው እጁን ፈትቶ መሣሪያውን ሲወረውር አየው። ወዲያው ተነሥቶ «ይህን ሁሉ ያለ መንፈስ እኔ ራሴ ሠርቼ አሳያችኋለሁ» አለ፤ እንዳለውም ከባልንጀራው ከኩክ ጋራ ሠርቶ አሳየ። እንግዲህ ይህ ቤት የቆመው ሰውን በማታለል ላይ ቢሆንም የሐሰት ተአምር አድራጊን በማጋለጥ ነው።

ዴቫንት ወደዚህ ቤት ይዞት የገባው ጨዋታ «የሠዓሊው ሕልም» ይባላል። ሚስቱ የሞተችበት ሠዓሊ በሥዕሏ ፊት አዝኖ ሳለ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ በሥዕሉ ላይ ያለችውም ሴት ሕይወት አግኝታ ትወርዳለች። ምትሐቱ ብቻውን ቢሆን ተመልካቹ «እንዴት አደረገው?» ብሎ በሄደ ነበር፤ የሠዓሊው ኀዘን ስለ ተጨመረበት ግን ሰው ልቡ ተነክቶ ይሄዳል። ዴቫንት ምትሐትን ከእጅ ቅልጥፍና አስበልጦ የልብ ሥራ ያደረገው በዚህ መንገድ ነው።

በ1896 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ገና እንደ ተወለደ፣ ማስክሊን ብዙ ተስፋ ባያደርግበትም፣ ዴቫንት በገዛ ገንዘቡ ከሠሪው ከሮበርት ፖል አንድ መሣሪያ ገዝቶ በመጋቢት ወር በግብፅ አዳራሽ አሳየ። ኋላ «ወደ ጨረቃ ጕዞ» በሚለው የ1902 ፊልሙ ስሙ የገነነው ፈረንሳዊው ምትሐተኛ ዦርዥ ሜልየስም የፖልን መሣሪያ ያገኘው በዴቫንት እጅ ነው። ዛሬ ሕፃናት ሲኒማ አይተው ሲደነቁ ከነገሩ መነሻ ላይ ምትሐተኞች እንደ ነበሩ ማወቅ ይገባል።

የግብፅ አዳራሽ በ1905 ሲፈርስ ማስክሊንና ዴቫንት በሽርክና ሆነው ሥራቸውን ቅዱስ ጊዮርጊስ አዳራሽ በሚባለው ቤት ቀጠሉ። በዚያው ዓመት ዴቫንት የእሳት እራትን ጨዋታ አወጣ። አንዲት ሴት የቢራቢሮ ክንፍ የመሰለ ልብስ ለብሳ በባዶው መድረክ መካከል ትቆማለች፤ ሣጥን የለም፣ መጋረጃም የሚጋርዳት የለም። እርሱ የበራ ሻማ ይዞ ቀስ እያለ ወደርሷ ሲቀርብ ክንፏን ትሰበስባለች፤ እጁን ሊያሳርፍባት ሲል በዓይን ፊት ትጠፋለች። እኛ ይህችን በራሪ «የእሳት እራት» ብለን ስንጠራት ነገሩን በሁለት ቃል ጨርሰነዋል፤ ዴቫንት ያንኑ ቃል በመድረክ ላይ በሥራ ያሳየ ያህል ነው።

ከሁሉ ይልቅ ስሙን ያስወደደው ጨዋታ ግን ዕቃ የማይፈልግ ነበር። አንድ ባርኔጣ ይይዛል፤ ከተመልካቹ መካከል አንድ ወንድ ልጅና አንዲት ሴት ልጅ ወደ መድረክ ይጠራል። ከባዶው ባርኔጣ ዕንቍላል ያወጣና ለልጅቱ ይሰጣል፤ ልጅቱ ለልጁ ታቀብላለች፤ ሌላ ይመጣል፤ ደግሞም ሌላ። የልጁ እጅ ይሞላል፤ በደረቱ ያቅፋል፤ በክንዱ ይደግፋል፤ ዕንቍላሉ ግን አያልቅም። በመጨረሻ አንዱ ያመልጠዋል፣ ሁለተኛውም ይከተላል፤ አዳራሹም በሳቅ ይሞላል። ሌላ ምትሐተኛ ቢሆን በልጁ ጭንቀት አላግጦ ሳቅ በገዛ ነበር። ዴቫንት ግን ልጆቹን በትሕትና እያነጋገረ፣ እንደ ክቡር እንግዳ እያስተናገደ ይጫወት ነበር። ረዳቱ ተደንቆ «ይህ እንዴት ይሆናል?» ሲለው «ሁሉ የሚሠራው በደግነት ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ይህም ቃል በሀገሩ ሁሉ የታወቀ የርሱ ንግግር ሆነ።

ይህን የዕንቍላል ጨዋታ በሐምሌ 1 ቀን 1912 በሎንዶን ፓላስ ቴአትር በንጉሥ ጆርጅ 5ኛና በንግሥት ሜሪ ፊት አሳየ። በዚያ ምሽት የልዩ ልዩ ጨዋታ ሰዎች በንጉሥ ትእዛዝ ተጠርተው ሲጫወቱ ዝነኛይቱ የሩሲያ ባለ ባሌት አና ፓቭሎቫም አብራ ነበረች፤ የምሽቱም ገቢ ለችግረኛ ተጫዋቾች መርጃ ዋለ። ትናንት የሚስቁባቸው እንጂ የማያከብሯቸው ሰዎች በንጉሥ ፊት የቆሙበት ቀን ስለ ሆነ ለሙያው ሁሉ ታላቅ ክብር ነበር። ከብዙ ትላልቅ ሥራዎቹ መካከል ዴቫንት ለዚህ ቀን የመረጠው ባርኔጣና ሁለት ልጆች ብቻ የሚያስፈልጉትን መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል። አንድ ጀማሪ ወደርሱ መጥቶ «እኔ 300 ዓይነት ጨዋታ ዐውቃለሁ» ቢለው «እኔ የማውቀው ስምንት ያህል ነው» ብሎ መለሰለት እየተባለም ይተረካል።

ከዚህ በኋላ ግን ፈተና መጣ። እጁና እግሩ እየተንቀጠቀጠ ሰውነቱን ቀስ በቀስ የሚያስር ደዌ ያዘውና በ1920 ገደማ መድረኩን ተወ። ለሌላው ሰው የእጅ መንቀጥቀጥ ሕመም ብቻ ነው፤ በእጁ ለሚኖር ሰው ግን ከሕመምም በላይ የእንጀራ መቋረጥ ነው። ስለዚህ እጁ ያልቻለውን በቃል ይሠራ ዘንድ ትዝታውን ጻፈ፤ በ1936 ደግሞ የጨዋታዎቹን ምስጢር የሚገልጥ መጽሐፍ አወጣ።

በዚህም ነገር ከባልንጀሮቹ ጋራ ተጣላ። በ1905 በሎንዶን የተመሠረተው የምትሐተኞች ማኅበር ሕጉ ምስጢርን አለማውጣት ነው፤ የመጀመሪያውም ፕሬዚዳንት ዴቫንት ራሱ ነበር። ማኅበሩ ያንኑ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቱን ምስጢር አወጣህ ብሎ ከአባልነት አስወጣው። ማኅበሩ ሕጉን መጠበቁ ተገቢ ነበር፤ በጕብዝናው ዘመን በገዛ አሳቡ የፈጠረውን በደዌው ዘመን የሸጠውም ሰው ሌባ አይባልም። ሁለት እውነት ሲጋጩ የሚያስታርቃቸው ይቅርታ ብቻ ነው፤ ይህም ሆነ፤ ማኅበሩ በኋላ የዕድሜ ልክ የክብር አባል አድርጎ መለሰው።

በመጨረሻ በሎንዶን ፐትኒ በሚባለው ሰፈር የማይድን ደዌ ያለባቸው ሰዎች ወደሚጦሩበት ንጉሣዊ ሆስፒታል ገባ። የሙያ ባልንጀሮቹ እዚያ ድረስ እየሄዱ ይጫወቱለት ነበር፤ ዕድሜውን ሁሉ ሲያሳይ የኖረው ሰው በተራው ተመልካች ሆነ። ጦርነቱ በበረታበት ዘመን በጥቅምት 13 ቀን 1941 በ73 ዓመቱ በዚያው ዐረፈ።

የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ቢወስዱ መልካም ይመስለናል። የመጀመሪያው፣ አንድ ሰው ዓይናችሁ የማያምነውን ነገር ሲያሳያችሁ «ኀይሌ ከመንፈስ ነው» ብሎ ገንዘባችሁን ከጠየቀ ሽሹት፤ «ጨዋታ ነው» ብሎ ካሳቃችሁ ግን ዋጋውን በደስታ ክፈሉት። ሁለተኛው፣ በማታ ጊዜ ልጆችን ሰብስባችሁ ስታጫውቱ ከመካከላቸው አንዱን ለሌሎቹ መሳቂያ አታድርጉት። ዕንቍላል የጣለ ልጅ ዕንቍላሉን ይረሳዋል፤ በዚያች ሰዓት ታላቁ ሰው ያሳየውን ፊት ግን እስከ ሽምግልናው አይረሳም።